ባሉጋኒን እንዳታደርገኝ

ሰሞኑን ድምፄን ያጠፋሁት ታምሜ አይደለም፤ አንድ ነገር መወሰን አቅቶኝ ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል። ደወል እስኪደወል ድረስ ወንበር ላይ ስትቁነጠነጡ የነበራችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ኋላ ቲቸር አሳሳተን እንዳትሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና አንድ ጓደኛዬ ባሕር ልናይ ነበር።

ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጂኦግራፊ ያስተማራችሁ፣ ካርታ ሳያይ ቀይ ባሕርን ከስዊዝ እስከ ባብ ኤል መንደብ በአንድ ጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚያወርደው እሱ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ፌስቡክ ላይ መነሳት አይወድም። እኔ ስለ አዱሊስና ስለ ምጽዋ፣ እሱ ስለ ሞገድና ስለ ጨዋማነት ሠላሳ ምናምን ዓመት አስተምረናል። ሁለታችንም ግን ባሕር አይተን አናውቅም! ወጣት ሳለን አሰብ በአገር ውስጥ አውቶብስ ይኬድ ነበር። "ጦርነቱ ይብረድ፣ በሚመጣው ክረምት" ስንባባል ክረምቱም ሄደ፣ ባሕሩም ሄደ። እሱ ሲቀልድ "እኔና አንተ ያየነው ባሕር፣ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው" ይላል። እውነቱን ነው። ከላምበረት ቀና ስትሉ የካ ተራራ ላይ እስከ እንጦጦ ድረስ እሱው ነው ያለው፣ ባሕር ዛፍ።

ጡረታ ከወጣን በኋላ ግን ቆረጥን። ፓስፖርት አወጣን። ሳንቲም ማጠራቀም ጀመርን። ከላምበረት ለቡ ድረስ ከተማውን አቋርጠን፣ ከዚያ በባቡር ጅቡቲ። ባሕሩ ዳር ሦስት ቀን ተቀምጠን እንመለሳለን፤ በቃ። እሱ እንኳን እዚህም ላይ ሳያርመኝ አላለፈም፦ "ጅቡቲ ከተማ ቀይ ባሕር ላይ አይደለችም፤ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ናት፣ እሱም የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው።" እሺ ጌታዬ፣ ጨው ይኑረው ብቻ አልኩት።

ከዚያ ኩላሊቱ ታመመ። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እጥበት አለው። አንዱ እጥበት አራት ሰዓት ይፈጃል። ከሁለት እጥበት መሐል ጅቡቲ ደርሶ፣ ባሕር አይቶ፣ ተመልሶ መምጣት አይቻልም፤ ሞክረን ቆጠርነው፣ አልሆነም። ልጆቹ ውጭ አገር ናቸው፤ ባለቤቱን ጉልበቷ አይረዳትም። ስለዚህ በእጥበቱ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ እንገናኝና በታክሲ አብረን እንሄዳለን። እሱ ውስጥ፣ እኔ ኮሪደር።

ባለፈው ዓርብ "አንተ ሂድ" አለኝ።

እኔ መሰረዝ ነው የፈለግኩት። እሱ ደግሞ ተቆጣ። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ሲነሳኝ እንደ ልማዴ ወደ ታሪክ ሸሸሁ። ጓደኛው መንገድ ላይ የቀረበት ሰው ከኔ በፊት የለም እንዴ?

ድሮ ቢሆን ጥያቄው ራሱ አይነሳም። ብቻውን ረጅም መንገድ የሚወጣ ሰው ወይ መናኝ ነው፣ ወይ ሽፍታ ነው፣ ወይ ከዳኛ የሸሸ ነው። ሌላው ቅፍለት ይጠብቃል። ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወርድ ነጋዴ አህያውን ጭኖ ብድግ አይልም፤ ክረምቱ ወጥቶ ተከዜ እስኪጎድል፣ ከየገበያው የሚመጡት እስኪሰባሰቡ፣ ነጋድራሱ ተነሱ እስኪል ቁጭ ነው። በየኬላው ቀረጥ አለ። ብቻውን የመጣውን ሰው ኬላ ጠባቂው እንደ ልቡ ይግጠዋል፤ መቶ ሆኖ የመጣውን ግን ይደራደረዋል። የሽፍታውም ሒሳብ ያው ነው። ኢየሩሳሌም ለመሳለም የሚሄዱትም እንዲሁ ተጠባብቀው ነበር የሚነሱት፤ ግብጽን በረሃ ለበረሃ ማን ብቻውን ይደፍራል? ጓደኛህ ካልተነሳ አንተም አትነሳም። ዛሬ እኛ "ፕሮግራም ተሰረዘ" የምንለው ለነሱ ተራ ነገር ነበር፤ ለከርሞ ይባላል፣ ያልቃል። እኔና ጓደኛዬ ግን ከርሞን አንቆጥርም።

ይሄ ዘዴ የሚሠራው ታዲያ ሳይነሱ በፊት ነው። ከተነሱ በኋላ የታመመን ሰው ምን ያደርጉታል? በረሃ ውስጥ ውሃው በቀን የተቆጠረ ነው። ዕድለኛው መንደር ውስጥ "የእግዜር እንግዳ" ተብሎ ይተኛል። ያልታደለውን መንገዱ ያስቀረዋል።

ለምሳሌ ፖንሴ። ቀዳማዊ ኢያሱ ሐኪም ፈልጎ ሐጂ ዓሊ የሚባል ነጋዴ ካይሮ ላከ። ካይሮ ይኖር የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ዣክ ፖንሴ እሺ ብሎ በ1698 ተነሳ። አብሮት ብሬቭዳን የሚባል ኢየሱሳዊ ቄስ ነበር፤ ከፋሲለደስ ጀምሮ ኢየሱሳውያን ስለማይፈለጉ የሐኪሙ አሽከር መስሎ፣ ዩሱፍ ተብሎ ነው የመጣው። ዓባይን፣ ስናርን፣ ያን ሁሉ በረሃ አልፈው፣ ከጎንደር ግማሽ ቀን መንገድ ሲቀራቸው ባርኮ ላይ ሁለቱም ታመሙ። ሐምሌ 1699 ላይ ብሬቭዳን እዚያው ሞተ። ፖንሴ ሲሻለው ብቻውን ጎንደር ገባ፣ ንጉሡን አከመ፣ በዓመቱ ተመለሰ። ግማሽ ቀን! ከላምበረት ሰንዳፋ በእግር እንደማለት ነው። ይህን ታሪክ ሳስተምር ሁልጊዜ ከተማሪ አንዱ "ለምን አልተመለሰም?" ይለኝ ነበር። ወዴት ነው የሚመለሰው? አንድ ዓመት ሙሉ የመጣበት መንገድ ከኋላው ነው፣ ከፊቱ ግማሽ ቀን።

ሰሞኑን ያስቸገረኝ ግን ፖንሴ አይደለም። ጀምስ ብሩስ ነው።

ብሩስን የማያውቅ የለም። ስኮትላንዳዊው፣ በ1769 ምጽዋ የወረደው፣ በ1770 ጎንደር የገባው፣ የዚያኑ ዓመት ኖቬምበር 4 ቀን ግሽ ዓባይ ደርሶ "የዓባይን ምንጭ አገኘሁ" ያለው። (አገዎቹ ከምንጩ አጠገብ ሲኖሩ ነው ያገኘው፤ ይሁን። ፔድሮ ፓኤዝም በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ አይቶት ነበር፤ ብሩስ ይህን ላለማመን ብዙ ቀለም አባክኗል።) ወደ ኋላ ሲመለስ ሦስት ቅጂ መጽሐፈ ሄኖክ ይዞ ነው የሄደው፤ ይሄም ብቻውን ትልቅ ታሪክ ነው፣ ሌላ ቀን።

ብሩስ ብቻውን አልመጣም። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ልጅ፣ ሠዓሊ፣ አብሮት ነበር። ሰሜን አፍሪካ የሮማውያንን ፍርስራሽ ሲዞር ጀምሮ አብሮት ያለ ሰው ነው። የብሩስ እጅ ሽጉጥ ላይ ጎበዝ ነበር እንጂ እርሳስ ላይ እምብዛም ነው፤ ዕፀዋቱን፣ አዕዋፉን፣ የየቀኑን አየር ጠባይ እየሳለና እየመዘገበ የሚያስቀምጠው ባሉጋኒ ነበር። ኮሶ፣ እንሰት፣ ስንቱን! ግሽ ዓባይም አብሮ ሄዷል፤ የጉዞውን ማስታወሻ በጣሊያንኛ ራሱ ጽፎታል። ከዚያ በ1771 መጀመሪያ ላይ ጎንደር ውስጥ ታሞ ሞተ። ገና ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ብሩስ በዚያው ዓመት ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ያለሱ ጎንደርን ለቆ፣ በስናርና በኑቢያ በረሃ አድርጎ፣ ሊሞት ደርሶ፣ በ1772 መጨረሻ አስዋን ወጣ።

እስከዚህ ድረስ ማንም አይወቅሰውም። ጓደኛው ሞተ፤ ቀበረው፤ መንገዱን ቀጠለ። ምን ያድርግ? ወቀሳው በ1790 የሚመጣ ነው። ብሩስ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ አሳተመ፤ እዚያ ውስጥ የግሽ ዓባይን ዕለት ስታነቡ ባሉጋኒ የለም። ስትራተስ የሚባል ግሪካዊ አለ፤ ብሩስ በምንጩ ውሃ ለንጉሥ ጆርጅ ጤና ጽዋ ሲያነሳ ከሱ ጋር ሲቀልድ እናያለን። ጣሊያናዊው ግን ከዚያ በፊት ሞቷል ተብሏል። የሞተበትን ቀን ወደ ኋላ ጎትቶ፣ በሕይወት እያለ ገደለው። ሥዕሎቹንም የራሱ እጅ ሥራ አስመስሎ አለፋቸው። ዛሬ ሥዕሎቹ አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ ሊቃውንቱ ከባሉጋኒ ማስታወሻ ጋር አስተያይተው ነው ነገሩን የደረሱበት።

ለምን? ብዬ ስንት ዓመት አስቤበታለሁ። ለንደን ብሩስን ውሸታም ብላዋለች፤ ከቁም ከብት ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱን ሁሉ ስቀውበታል። በተሳቀበት ሰው ልብ ውስጥ ሆኜ ስገምት፣ ክብሩ እንዲከፈል አልፈለገም። "ብቻዬን ደረስኩ" ማለት "ደረስን" ከማለት ይልቅ ይጣፍጣል። ለኔ ግን የብሩስ ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው፤ ከፓኤዝ ጋር ያደረገው ጠብ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የልጅ ጨዋታ ነው። ጓደኛህ ሊሄድ ሳይችል ቀርቶ አንተ ብትሄድ አንድ ነገር ነው። አብሮህ የሄደውን አልሄደም ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ነው።

አባ ጎርጎርዮስና ሉዶልፍ የዚህ ተቃራኒ ናቸው። ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ነው፤ የዛሬው ደቡብ ወሎ ማለት ነው፣ ላምበረት መናኸሪያ ወያላው "ደሴ! ደሴ!" እያለ የሚጠራበት አቅጣጫ። በ1649 ሮም፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ባለው የኢትዮጵያውያን ገዳም፣ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል የ25 ዓመት ጀርመናዊ መጥቶ አገኘው። ልጁ ግዕዝ ከመጽሐፍ ብቻ ተምሮ አፉ አልፈታም። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ጎርጎርዮስን ጋበዘውና ቄሱ አልፕስን ተሻግሮ ጀርመን ገባ። ወራት ሙሉ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቀምጠው አንዱ እየጠየቀ፣ አንዱ እየመለሰ፣ የኢትዮጵያን ወንዝና ተራራ፣ ሕግና ወግ፣ ግዕዝና አማርኛ አንድ በአንድ አወረዱት። ከዚያ ተለያዩ። በ1658 ጎርጎርዮስ ወደ አገሩ ለመግባት በመርከብ ተሳፈረ፤ እስክንድሩና ወደብ አካባቢ መርከቡ ተሰብሮ ባሕር በላው።

ሉዶልፍ ከዚያ በኋላ 46 ዓመት ኖሯል። በ1681 ታላቁን የኢትዮጵያ ታሪክ አሳተመ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ፣ በ1704 ሞተ። ኢትዮጵያን አላያትም። አንድ ቀን አላያትም! ግን መጽሐፉን ክፈቱት፤ ጎርጎርዮስ እንዲህ አለኝ፣ ጎርጎርዮስ እንዲህ ነገረኝ እያለ ነው የሚሄደው። ምስሉንም በመዳብ አስቀርጾ አትሞታል፤ የሱን ያህል ፊቱን የምናውቀው የዚያ ዘመን ኢትዮጵያዊ ስንት አለ?

ጓደኛዬ ሉዶልፍን በጣም ይወዳል። መምህራን ክፍል ስለሱ ሳወራ "እሱ እንደኛ ነው፣ ሳያይ ያስተማረ" ይል ነበር። አሁን ኮሪደር ላይ ሳነሳለት "በቃ፣ አንተ ጎርጎርዮስ ሁን፣ እኔ ሉዶልፍ" አለኝ። ጎርጎርዮስ እኮ ሰመጠ አልኩት። "አንተ በባቡር ነው የምትሄደው" አለኝ።

እዚህ ሰፈር የምትኖሩ ጠዋት ጠዋት ሯጮቹን ታያላችሁ። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ወደ ጫካው ሲወጡ እኛ ታክሲ እንጠብቃለን። እነሱን ባየሁ ቁጥር ሜክሲኮ ትዝ ይለኛል፤ 1968፣ ኦክቶበር 20። አበበ ቢቂላ ሮም በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮ ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አሸንፎ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሊደግም ተሰልፏል። እግሩ ግን ታሟል። 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ወጣ። ማሞ ወልዴ በኋላ ሲናገር፣ አበበ መጨረስ እንደማይችልና አደራው ወደሱ እንደተላለፈ ነገረው። ማሞ ቀኖች ቀደም ብሎ በ10,000 ሜትር ብር አግኝቶ የደከመ እግር ነው ይዞ የሄደው፤ ዕድሜውም 36 ነበር። 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ። ሁለተኛ የወጣው ጃፓናዊ ከሦስት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው የገባው።

ይህን ስናወራ የምናደንቀው ማሞን ነው፤ እኔም ክፍል ውስጥ እንደዚያ ነበር የማስተምረው። አሁን ሳስበው የከበደው የአበበ ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ወርቅ ያለው ሰው፣ ዓለም ሁሉ እሱን ሊያይ ተሰብስቦ፣ መንገድ ዳር ወጥቶ ሌላውን "አንተ ሂድ" ማለት። በዓመቱ ማርች 1969 ላይ አበበ ሸኖ አቅራቢያ መኪናው ተገለበጠ፤ ከዚያ ወዲያ በእግሩ አልሄደም። ከኛ ሰፈር ወጥቶ ደብረ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ባለፍኩ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

"ጓደኛ ካልሄደ አልሄድም"ን ደግሞ አገር ሲያደርገውም አይተናል። በ1976 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫወተ ብለው የአፍሪካ አገሮች ሞንትሪያልን ሲተዉ እኛም ተውን። ለዚያኛው ክብር አለኝ፤ ለአፓርታይድ መልስ ነበር። በ1984 ሶቭየት ሎስ አንጀለስ ካልሄደች እኛም አንሄድም አልን። በ1988 ሰሜን ኮሪያ ካልሄደች ሴኡል አንሄድም አልን። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ በላይነህ ዲንሳሞ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር፤ ክብረ ወሰኑ አሥር ዓመት ቆሟል። ኦሊምፒኩን ቤቱ ሆኖ ሰማው። ሰሜን ኮሪያ "ለኔ ብላችሁ ቅሩ" ብትልም፣ በላይነህን ማንም አልጠየቀውም። አብሮ መቅረት ሁሉ ወዳጅነት አይደለም፤ አንዳንዱ የሌላ ሰው ዕዳ ነው።

ይህን ሁሉ ባለፈው ረቡዕ ከእጥበት ሲወጣ አወራሁለት። እንደምታውቁት ከእጥበት የወጣ ሰው ይደክማል፤ ግድግዳ ተደግፎ ዝም ብሎ ሰማኝ። ስጨርስ እኔ የጠበቅኩት ስለ ማሞ አንድ ነገር ይላል ብዬ ነው። እሱ ግን፦

"ሂድ። ባሉጋኒን እንዳታደርገኝ ብቻ" አለኝ።

ቀጥሎ ትእዛዝ ሰጠኝ። አንድ ሃይላንድ የባሕር ውሃ አምጣ፣ ጨዋማነቱን ራሴ እቀምሳለሁ፤ ቀይ ባሕር በሺህ 40 ገደማ ነው፣ ታጁራ ግን ያነሰ መሆን አለበት፤ ለሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ልክ ይሁን አይሁን በምላሴ ልየው አለኝ። ሐኪሙ ጨው ከልክሎህ የለም እንዴ ስለው "በጣት ጫፍ ነው" አለ። ጅቡቲ የሚቆመው ባቡር ጣቢያ ነጋድ እንደሚባልና ከከተማው ወጣ ያለ እንደሆነም አስረዳኝ። እንዴት አወቅህ አልኩት። ታሞ የተኛበትን ጊዜ ሁሉ ካርታ ሲያይ ነው የከረመው።

እንግዲህ ልሄድ ነው። አንድ ትኬት። የሚመጣው ሐሙስ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። እኔ ሄድኩ ማለት እሱም ዓርብና ሰኞ ብቻውን ይሄዳል ማለት ነው። እሱ "ችግር የለም፣ ልጅ አይደለሁም" ይላል፤ አትስሙት፤ ሲመለስ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ላምበረት፣ መገናኛ፣ ኮተቤ አካባቢ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ ሁለት ሰው ነው የምፈልገው፣ አንድ ለዓርብ፣ አንድ ለሰኞ። ጠዋት 12 ሰዓት መናኸሪያው በር ላይ መድረስ፣ አራት ሰዓት ኮሪደር ላይ መቀመጥ፣ መልሶ ቤቱ ማድረስ። ስልኬ ያላችሁ ደውሉልኝ፣ የሌላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ወንበሩ ይቆረቁራል፣ ጋቢ ያዙ። ሲወጣ "አይዞህ" እንዳትሉት፣ ይናደዳል። ስለ ባሕር ጠይቁት። ደግሞ ሻይ ልጋብዝህ፣ ውሃ ልግዛልህ እንዳትሉት፤ የሚጠጣው ተለክቶ ነው።